የመታጠፊያው መብራት

መብራት ጠፍቶ ዝም ብለን ከምንቀመጥ አንድ ነገር ላውራችሁ። ያየሁትንና ከባለቤቱ አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። የጨመርኩት የለም።

ከአስፋልቱ ወደዚህ ሰፈር የሚያመጣውን ቀጭን መንገድ ታውቁታላችሁ አይደል? ገደሉ አፍ ላይ የሚታጠፈውን? ድሮ ተካልኝ የሚባል ሰው ወደዚህች ከተማ መጣ። ሥራው ለማዘጋጃ ቤቶች ኤልኢዲ የመንገድ መብራት መሸጥ ነበር። ትንሽ ኃይል ይበላል፣ ብዙ ያበራል። እውነት ነው፣ ያበራል።

ማዘጋጃ ቤቱ "መጀመሪያ ናሙና ትከል" አለው። ይህን የሰሙት አዋላጇ እትዬ ዘርፌ መጡ።

"ልጄ፣ ምጥ ሰዓት አይመርጥም። እኔ በጨለማ ነው የምመላለሰው። መታጠፊያው ላይ ትከልልኝ።"

ተከለው። በፀሐይ የሚሠራ ነበር። አሥራ ሁለት ሌሊት አበራ። እትዬ ዘርፌ የእጅ ባትሪያቸውን ቤት ትተው መውጣት ጀመሩ። እናንተስ አትተዉም ነበር?

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ የግዢ ኮሚቴ ናሙናውን ማታ በርቶ ሊያይ ሆነ። "ገደል ድረስ ማን ይሄዳል? በራችን ላይ አምጣልን" አሉት። ከሰዓት በኋላ ነቅሎ ወሰደው። ነገ እመልሰዋለሁ በሚል ሐሳብ መንቀሉን ለማንም አልተናገረም።

እትዬ ዘርፌ ግን በዚያ ቀን ጠዋት ተጠርተው፣ መታጠፊያውን አልፈው ሄደው ነበር። መብራቱ በቦታው ሳለ። ምጡ ረዘመ። እናቲቱን አዋልደው በጨለማ፣ ያለ ባትሪ ወደ ቤት ተነሱ።

በማግሥቱ ከገደሉ ሥር ተገኙ።

ኮሚቴው መብራቱን ወደደው። ውል ተፈረመ፣ አስፋልቱ በሙሉ በራ። መታጠፊያው ግን "ከፕላን ውጭ ነው" ተባለ። ናሙናውም በራቸው ላይ ቀረ፤ ተካልኝ ቢለምን የሚሰማው አጣ።

በእትዬ ዘርፌ የአርባ ቀን ዕለት ማታ ብቻውን ወደ መታጠፊያው ሄደ። መጀመሪያ ኮቴ ሰማ። ቆመ። ቀጥሎ ነጭ ነጠላ አየ፤ ጫፉ ጭቃ ነው። ከዚያ ድምፅ መጣ።

"ልጄ፣ መብራቴ የት ሄደ?"

"ይቅር በሉኝ እትዬ። እኔ ነኝ የነቀልኩት።"

"አውቃለሁ። ባትሪ ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"እንግዲያው ቁምልኝ። ሌላ ሰው እንዳይወድቅ።"

ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። በዓመቱ መልሼ ጠየቅኩት፤ አንድ ቃል አልለወጠም። ሲነጋ እዚያው ቆሞ ያገኙትን ሰዎችም ጠይቄያለሁ። ባትሪው አልቋል፣ ክንዱ ግን አልወረደም።

ሥራውን ተወ። ዘጠኝ ዓመት በየምሽቱ እዚያ እየቆመ መንገደኛ አሻገረ።

አንተ ሙላቱ፣ ለሰፈሩ እንግዳ ነህ፣ ዘግይተህም መጣህ። ባትሪም አልያዝክም። እንዴት ተሻገርክ?

"አንድ ሰውዬ አበራልኝ እኮ! 'በግራ፣ በግራ በኩል' እያለ፣ እንደ ሕፃን።"

ፊቱን አየኸው?

"ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፤ አላየሁም። ምነው?"

ተካልኝን የቀበርነው አምና በነሐሴ ነው።

ተቀመጥ፣ አትነሳ። ስትመለሱ አንድ ላይ ሂዱ፣ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ። መታጠፊያው ጋ ስትደርሱ ደግሞ "በቃህ፣ ግባ" በሉት። እስካሁን ይህን የነገረው ሰው የለም።