ቢጫው ያለቀበት እሑድ

ኦቶካር ብሬመ የሞተው ቢጫ ቀለም እንደ ጨበጠ ነው። ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እግሩ እርከኑ ላይ እንደ ተሰቀለ፣ በቀኝ እጁ ገና ከማሸጊያው ያልወጣች ትንሽ የፕሪንተር ቀለም ይዞ ተገኘ። በሕይወቱ ለማንም ምንም ለቆ የማያውቅ ሰው ነበርና ሞቶም አልለቀቃትም። ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ነው ያስለቀቀው።

ዋና ኮሚሳር ኢርሜላ ፎስ ከደረጃው አናት ሆና ቁልቁል አየችው። በኤርፉርት ከተማ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ሳትሰማ ግን ለማዘን አትቸኩልም። የብሬመን ጠባይ ገና መግቢያው ላይ አንብባዋለች። በሩ ላይ ሦስት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ሦስቱም በሚያምር ቀለም የታተሙ፣ ሦስቱም ክልከላ። ብስክሌት እዚህ አይደገፍም፤ ውሻ እዚህ አይቆምም፤ ደወሉን ሁለቴ የደወለ አይከፈትለትም።

«የወንድሙ ልጅ ነው» አለ ሳጅን ግሬቨ ከኋላዋ። «ሌናርት ይባላል። ዛሬ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል፤ ቤቱንም የሚወርሰው እሱ ነው። ዓቃቤ ሕጉ ማታውኑ እንያዘው ይላል።»

«አንተስ?»

«እኔም እንደሱ።»

«ሁላችሁም አንድ የምታስቡ ከሆነማ መንግሥት ለሁለታችሁ ደመወዝ መክፈሉ ለምንድን ነው?»

ግሬቨ ለምዷታል፤ አልተቆጣም። ኢርሜላ ደረጃውን ወረደች። ብሬመ የተፈነከተው ማጅራቱን ነው። ሲወርድ ቢሆን ኖሮ በግንባሩ በተደፋ ነበር። ቀለሙን አንስቶ ሊወጣ ሲል ወደ ኋላ ወድቋል ማለት ነው፤ ወይ አዳልጦት፣ ወይ ተገፍቶ። ከጎኑ፣ ከድንቹና ከማርመላታው መደርደሪያ ላይ፣ ሌሎች የቀለም ማሸጊያዎች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ የሚወዱ ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠዋል።

ከዚያ ፎቅ ላይ ወዳለው የሥራ ክፍሉ ወጣች። ፕሪንተሩ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ተዘግቶ፣ አንዲት መብራት እንኳ ሳይበራበት ተቀምጧል። ቁልፉን ብትጫነው አልነሳ አለ። ሽቦውን ተከትላ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ወፍራሙ መጋረጃ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አገኘች። በእግር የሚረገጠው ቀዩ ማጥፊያው ጠፍቷል። ተነሥታ ክዳኑን ከፈተች። ቀለሞቹን የሚሸከመው የማተሚያው ራስ ወደ ማረፊያው ሳይደርስ መሐል መንገድ ላይ ቆሟል። ጥቁሩ አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ ቀዩ አለ። የቢጫው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ ነው።

ኢርሜላ ራሷ እቤቷ ሦስት ፕሪንተር ገድላለች። ለገና ካርድ ትቀሰቅሳቸዋለች፤ ዓመቱን ሙሉ ታደርቃቸዋለች፤ ከዚያ የአገሩን ፋብሪካ ሁሉ ትሳደባለች። ስለዚህ ይህን የመሰለ አቋቋም ስታይ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች፤ የበሩን ክልከላዎች እንደዚያ አሳምሮ የሚያትመው የብሬመ ፕሪንተር እንዲህ መቆሙ ግን ገረማት።

ሬሳውን ያገኘችው ወይዘሮ ቲድከ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። የሰፈሩ የአትክልት ቦታ ማኅበር ምክትል ሊቀ መንበር ናት፤ ሊቀ መንበሩ ብሬመ ነበር።

«የማኅበሩን ማስታወቂያ ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ቁልፍ አለኝ። የሚያትምልን እሱ ነበር። ሌላው ሰውማ ፕሪንተሩን አድርቆ መጣል እንጂ ማተም የት ያውቃል!»

ኢርሜላ ይህን ስድብ ዋጥ አደረገችው። «የእሱ እንዴት አይደርቅም?»

«በየእሑዱ ከቁርስ በኋላ አንድ ባለ ቀለም ገጽ ያትማላ! የሚታተም ኖረም አልኖረም። ቀለም ካልሄደ ይረጋል ይላል። ቶሎ ቶሎም አያጠፋውም፤ በተነሣ ቁጥር ራሱን ሊያጥብ ቀለም ይጠጣል። ካጠፋውም በራሱ ቁልፍ ነው፤ ያኔ የማተሚያው ራስ ሄዶ ማረፊያው ላይ ገብቶ አፉን ይከድናል።»

«ከማከፋፈያው ቢጠፋስ?»

ወይዘሮ ቲድከ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አንዴ እኔ አጠፋሁት። መብራት የቆጠብኩለት መስሎኝ! እያተመ ነበር ለካ። ባለበት ቆሞ፣ አፉን እንደ ከፈተ ደረቀ። ክረምቱን ሙሉ አላናገረኝም፣ ኮሚሳር። የገና ሰላምታ እንኳ።»

«ይህ ክፍል ድሮም የሥራ ክፍሉ ነበር?»

«ከዘንድሮ ፋሲካ ወዲህ ነው። የሟች ሚስቱ የስፌት ክፍል ነበር። ጠረጴዛውን አብሬው የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ እስካሁን ያውቀዋል።»

ሌናርት ከከተማው ማዶ አንድ ፎቅ ላይ ይኖራል። ኢርሜላ ስትገባ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ይጮሃል፤ ወጥ ቤት ሬዲዮ ይዘፍናል፤ መታጠቢያ ቤቱ፣ ኮሪደሩ፣ መኝታ ቤቱ ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት በርቷል። መውለጃዋ የደረሰው ጓደኛው ስቬያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ሌናርት ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«አንተ ልጅ፣ ከአጎትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በቀለም።»

«በምን?»

«ርካሽ የፕሪንተር ቀለም አገኘሁና በስጦታ ወሰድኩለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያለ ሰደበኝ፤ ፕሪንተሬን ልታፍነው ነው ብሎ በመስኮት ወረወረው። እኔም ጮህኩበት፣ ወጣሁ። ማን ያምነኛል? ሰው በቀለም ይጣላል ወይ ነው የሚሉኝ።»

«እኔ አምንሃለሁ። የአጎትህን በር አንብቤዋለሁ።»

ስቬያ ቀና አለች። «ዛሬ ማታ ይወስዱታል? እኔ እኮ... ቀኔ ደርሷል።»

ኢርሜላ ለማጽናናት አልተፈጠረችም። «ዓቃቤ ሕጉ እስከ ነገ ቀትር ይታገሠኛል» አለች፤ ይህን ገና አልጠየቀችውም ነበር። ሌናርት እስከ መንገድ ሸኛት። ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ መብራቱም እንደ በራ፣ በሩም እንደ ተከፈተ።

ጭቅጭቁን ሰማሁ ያለው የብሬመ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም ዴትሌፍ ኳንት ነው። ቤቱ ጥርት ያለ፣ ጭል ጭል ባለች አንዲት አምፖል የሚኖር ቤት ነው። ሻይ አፈላላት። ማፍያው ገና ጠቅ እንዳለ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለው፤ ወሬውን ግን አላቋረጠም።

«ልጁ ሲጮህ ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልልም» አለ በጨዋ አነጋገር።

«እርስዎስ ከሟቹ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ከዛፉ ጠብ ወዲህ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። ሁለት ዓመት አለፈው።»

«የምን ዛፍ?»

«በማኅበሩ ቦታ ላይ የዋልነት ዛፍ አለኝ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ይገዝፋል፣ የሰው አትክልት ላይ ያጠላል ይላሉ። ሴት ልጄ ስትወለድ የተከልኩት ነው።» ብርጭቆውን አስተካክሎ አስቀመጠ። «ልጄ ሞታለች። ዛፉ አለ።»

ኢርሜላ ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች። ገና በሩ ጋ ሳትደርስ ኳንት ከኋላዋ አምፖሏን አጠፋት፤ ደረጃውን በዳበሳ ወረደች። ሦስት ተጠርጣሪ፤ አንደኛዋ የሚያትምላትን ታለቅሳለች፣ ሁለተኛው ቤቱን በመብራት ያቃጥላል፣ ሦስተኛው እንግዳውን በጨለማ ይሸኛል። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል እያለች ወደ መኪናዋ ሄደች። ዓቃቤ ሕጉን የለመነችው መኪናው ውስጥ ሆና ነው፤ ሰው መለመን ስለምትጠላ ስድብ በሚመስል ቃል ለመነችው፤ እሱም እስከ ቀትር ሰጣት።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በብሬመ የሥራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፕሪንተሩን አብርታዋለች፤ ቢጫ ቀለሜን ውለዱ እያለ ያለቃቅሳል፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሌናርት በሩ ላይ ተደግፏል፤ ግሬቨ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ ይደባብሳል።

«ክፍሉ ጠበበን» አለች ኢርሜላ ዞር ዞር ብላ። «ሳሎን እንውረድ፤ እዚያ ይሞቃል።»

ቀድማ ወጣች። ግሬቨና ሌናርት ተከተሏት። ኳንት ሴት ሳያስቀድም ከክፍል ወጥቶ አያውቅምና ወይዘሮ ቲድከን አሳልፎ ከሁሉ ኋላ ወረደ። ሳሎን ሲቀመጡ ኢርሜላ ቆማ ቀረች።

«ብሬመ ትናንት እያተመ ሳለ ቢጫው አለቀበት» አለች። «ያለቀውን አወጣ፤ ክዳኑን ክፍት ትቶ አዲሱን ሊያመጣ ምድር ቤት ወረደ። ቀለሙን በእጁ አግኝተነዋል። ሲመለስ ደረጃው ላይ ወደቀና ሞተ። ወደ ፕሪንተሩ አልተመለሰም። ታዲያ ክዳኑን ማን ዘጋው? ማከፋፈያውንስ ማን አጠፋው?»

«ራሱ ዘግቶት ወርዶ ይሆናላ» አለ ኳንት።

«ኦቶካር?» ወይዘሮ ቲድከ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «የማተሚያው ራስ መሐል ቆሞ፣ ቢጫው ወልቆ፣ ከማከፋፈያው ያጠፋዋል? ጣቱን ቢቆርጥ ይቀለዋል!»

«እኔም እንደዚያው አሰብኩ» አለች ኢርሜላ። «እንግዳ ነበረበት። ሰውየው በአደጋ ወድቆ ቢሆን እንግዳው ይጮህ ነበር፣ አምቡላንስ ይጠራ ነበር። ይኼኛው ግን ተመልሶ ወጣ፤ ክዳኑን ዘጋ፤ መብራቱን አጠፋና ወደ ቤቱ ሄደ። ባለቤቱ ደግሞ እንደማይመለስ የሚያውቅ ሰው ነው የሰውን ዕቃ እንዲህ የሚያጠፋፋ። ሌናርት ከተወለደ ጀምሮ ምንም ነገር አጥፍቶ አያውቅም፤ ቤቱን አይቼዋለሁ። ወይዘሮ ቲድከ ያን ማጥፊያ ከምትነካ እሳት ብትነካ ትመርጣለች።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሦስተኛው ወንበር ዞሩ።

«ይህ ግምት ነው» አለ ኳንት በእርጋታ።

«ልክ ነዎት፤ ግምት ነው። ግሬቨ፣ እስቲ ወጥተህ ፕሪንተሩን እየው። ስንወርድ እንደ በራ ነበር የተውኩት።»

ግሬቨ ወጣ። ሲመለስ እጁን ከኪሱ አውጥቷል። «ጠፍቷል» አለ። «ከማከፋፈያው።»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ ኳንት ባዶ ክፍል ውስጥ የሚበራ ነገር ትቶ መውጣት በሕይወቱ አልሆነለትም።

«ማከፋፈያው ያለው መጋረጃ ጀርባ ነው» አለች ኢርሜላ። «እኔ ተንበርክኬ፣ ሽቦ ተከትዬ ነው ያገኘሁት። ክፍሉ ከፋሲካ በፊት የስፌት ክፍል ነበር። እርስዎ ደግሞ ሁለት ዓመት ደጃፉን አልረገጥኩም ብለውኛል። እግርዎ ታዲያ ማን አሳይቶት ነው በአንዴ ያገኘው?»

ኳንት ጫማውን አየ። በደንብ የተወለወለ ጫማ ነበር። ሲናገር ድምፁ ከፍ አላለም።

«የዛፌን ፎቶ እያተመ ነበር። ቅጠሉ ወርቅ ሲመስል፣ እንዳሁኑ በመከር። ይቆረጣል ብሎ ማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፈው። ተው ብዬ ለመንኩት፤ የልጄ ነው አልኩት። ያተመውን አየው፤ ቢጫው አልቆ ቅጠሉ ሮዝ ሆኖ ወጥቷል። ‹ቆይ› አለኝ፤ ‹ሰዉ ዛፍህን በትክክለኛ መልኩ ይየው።› ብሎኝ ወረደ። ተከትዬው ደረጃው አናት ላይ ቆምኩ። እያፏጨ ነበር የተመለሰው።»

«ለዛፍ ብለህ?» አለች ወይዘሮ ቲድከ እያለቀሰች።

ኢርሜላ ለአንድ አፍታ አዘነችለት። በኳንት ቦታ ሆና ቢሆን እሷም ከደረጃው የምትገፋው ሰው አታጣም ነበር። ከዚያ ግን ሌናርት ወንበሩ ላይ ተኮራምቶ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አየችው፤ ሐዘኗም እዚያው በረደ።

«ስለ ልጅዎ አዝናለሁ» አለችው። «የዚህን ሰው ሕፃን ግን ያለ አባት ሊያስወልዱት ነበር። ያላየሁትን አልልም እያሉ፣ ሻይ እየጠጡ።»

ኳንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሌናርት ዞሮ ሊያየው ሞከረ፤ ልጁ ግን ስልኩን አውጥቶ ለስቬያ እየደወለ ነበር፤ አላየውም።

ግሬቨ ካቴናውን በኳንት እጅ አስገባ። ወደ በሩ ሲሄዱ የኮሪደሩ መብራት በርቷል። ኳንት እርምጃውን ገታ፤ የታሰሩት እጆቹ አንድ ላይ ወደ ማጥፊያው ተነሡና አየር ላይ ቆሙ። ዞር ብሎ ኢርሜላን አያት።

«ልተወው?» አላት።

«ያጥፉት» አለችው። «ባለቤቱ እንደሆነ አይመለስም።»