የቀርከሃው ጫካ ጠባቂ

እነዚያን ሁለት ልጆች ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ጆንጁ ከተማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት ባለችው ሾርባ ቤቴ፣ በምሳ ሰዓት ብቻውን ጠረጴዛ የሚይዝ ሰው የለም። «ተጠጋጉ!» እላለሁ፤ ይጠጋጋሉ። ተማሪው ሁሉ «አክስቴ» ነው የሚለኝ። አክስት ደግሞ ታዝዛለች።

ናሬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ነርስነት የምትማር፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ ስልኳን ሁልጊዜ በፊቱ ደፍታ የምታስቀምጥ ልጅ ናት። ሙንሱ ደግሞ ከውትድርና ገና መመለሱ ነው፤ ፀጉሩ እንደ ጃርት ቆሟል። ትከሻውን ይዤ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩት።

«አክስቴ፣ እሷ ሳትፈቅድ?»

«ወንበሩ የእኔ ነው፣ የሷ አይደለም። ብላ!»

ሙንሱ የባሕር ዳርቻ ልጅ ነው፤ የእኛን ከተማ ሾርባ ምን ያውቃል! የአኩሪ አተር ቡቃያ ሾርባውን እንዳቀረብኩለት በትንሿ ጽዋ የመጣለትን ግማሽ የበሰለ እንቁላል አንስቶ ዘጭ አድርጎ ሾርባው ውስጥ ደፋው።

«ኧረ! ኧረ!» አለች ናሬ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «እንደሱ አይደለም!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሾርባውን አደፈረስከው። እንቁላሉ በጽዋው እንዳለ ነው፤ ከትኩሱ ሾርባ ትንሽ ትንሽ በማንኪያ ታፈስበታለህ። እንካ፣ የኔን ውሰድ።»

ጽዋዋን ገፋችለት። እሱም ጽዋውን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። ወይ ጉድ፣ አልኩ በሆዴ፤ ይኼ ልጅ አለቀለት።

ከዚያ ወዲያ ሳልጠራቸው ይመጣሉ። እሱ ቀድሞ ከደረሰ ወንበሯ ላይ ቦርሳውን ያስቀምጣል። እሷ ከቀደመች ሳትበላ ትጠብቀዋለች። አንዳንዴ ሳይነጋገሩ ይቀመጡና ሾርባው ይበርድባቸዋል። እኔም «የሞቀ ልጨምር?» ስል ሁለቱም ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ይደነግጣሉ።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ ከጎናቸው ስልኩን እያየ ይስቃል። «ዛሬ ጫካው ላይ የወጣውን አያችሁ?»

ጫካው የሚሉት የተማሪዎቹን የኢንተርኔት ገጽ ነው፤ ሙሉ ስሙ የቀርከሃው ጫካ። ስሙን ያወጡለት በተረት የንጉሡን ምስጢር መያዝ አቅቶት ቀርከሃ ጫካ ገብቶ ከጮኸው ሰው ነው። ሆዱ አልችል ያለውን ነገር የተሸከመ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ይልካል፤ ጠባቂው ያነብና ይለጥፈዋል። የጠባቂውን ማንነት ማንም አያውቅም፤ አንዱ ሲመረቅ ለሌላው በምስጢር ያስረክባል። ፍቅር የያዘው፣ ፈተና የወደቀ፣ ከአባቱ የተጣላ፣ ሁሉም እዚያ ይተነፍሳል። ተማሪዎቹን በጥፊ ይመታ የነበረ አንድ መምህር የተጋለጠውም እዚያው ነው። ያኔ እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ።

ሙንሱ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ። «እዚህ አጠገቤ ያን ነገር አታንብብ» አለው ልጁን።

ልጁ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ናሬ ቀስ ብላ «ምነው?» አለችው።

«እህት አለችኝ፤ ሶሪ ትባላለች። እኔ ውትድርና ላይ እያለሁ እዚሁ ትማር ነበር። ‹በሴቶች ማደሪያ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ ጋያጉም የምትደረድረዋ አዲስ ተማሪ የጓደኞቿን ዕቃ ትሰርቃለች› ብለው ለጠፉባት። ስሟን አልጻፉም፤ ጨዋዎች ናቸዋ! ከፎቁ ያን ባለ አውታር መሣሪያ የምትደረድረው አንድ እሷ ነበረች።»

«ከዚያስ?» አልኩት እኔ፤ አላስቻለኝም።

«ተሰረቀ የተባለው የእጅ ሰዓት ጠፋብኝ ባለችው ልጅ በራሷ ካፖርት ኪስ ተገኘ። ይህን ግን የለጠፈው የለም። ሶሪ ትምህርቷን ጥላ ቤት ገባች። ይኸው እስከዛሬ ከእናቴ ቤት አልወጣችም፤ ጋያጉሙም ሽፋኑ ውስጥ ነው።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «የጻፈውን ሰው አልፈልገውም፤ ውሸታም የትም አለ። የምፈልገው አንብቦ ‹ይውጣ› ያለውን ነው። ባገኘው አልመታውም፣ አክስቴ። ስምህ ማነው ብቻ ነው የምለው።»

ናሬ እጁን ያዘችው። ፊቷ ግን እንደ ሩዝ ነጥቶ ነበር። ለሱ ያዘነች መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ገና በር ስከፍት መጣች። ሳልጠይቃት አጠገቤ ቁጭ ብላ የቡቃያውን ሥር መልቀም ጀመረች። ብዙ ከለቀመች በኋላ፣

«አክስቴ፣ ጠባቂዋ እኔ ነኝ» አለች።

«የምኑ?»

«የጫካው።»

እጄ ላይ የነበረው ወንፊት ወደቀ። «ምን ቆርጦሽ? ምን አገባሽ አንቺ?»

«እናቴ የሞተች ጊዜ እዚያ ጽፌ ነበር፤ መኖር አልፈልግም ብዬ። ስሜን ጻፊ ቢሉኝ ኖሮ አንዲት ቃል አልጽፍም ነበር። አባቴ እንዳይሰማ እንዴት እፈራ ነበር! የማላውቃቸው ሰዎች ማነሽ ሳይሉ ሲያወሩኝ ዋሉ። አንዷማ ‹ምሳ በልተሻል?› አለችኝ። አልበላሁም ነበር። ይኸው በሕይወት አለሁ፣ አክስቴ። ጥበቃውን ሲሰጡኝ ያን ውለታ የምመልስ መሰለኝ።»

«የሶሪንስ? የሷን ምን ብለሽ ለጠፍሽው?»

«ስሟን ሰረዝኩታ!» ብላ ጮኸች። «ሲላክልኝ ከነስሟ ነበር። ስሟን ስሰርዘው ያዳንኳት መሰለኝ። ፎቁን ተውኩት፤ ጋያጉሙን ተውኩት። ትምህርቷን ጥላ ስትወጣ እንኳ አልሰማሁም። እሱ ትናንት ስሟን እስኪጠራው ድረስ...»

አለቀሰች። እንደ እናት ልምከራት ብዬ «ዝም በይ» አልኳት። «ማን ያውቃል? ለሌላ አስረክቢና ተገላገዪ። ትመረቃላችሁ፣ ትጋባላችሁ። ዝም አይነቅዝም!»

«በመኸር በዓል እናቱ ቤት ስንሄድስ? ሶሪ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ‹እህቴ፣ ብዪ› ስትለኝስ?»

ወንፊቱን ከመሬት አነሳሁ። ቡቃያውን አጠብኩ።

የዚያኑ ቀን፣ የምሳው ሰው ሲሳሳ፣ ነገረችው። ቃሏን አላስጌጠችም፤ ማልቀስም አላለቀሰችም። ሙንሱ ሰማትና ጠረጴዛው ላይ የተደፋውን ስልኳን አየው።

«ትናንት እጄን ይዘሽ አጽናናሽኝ እኮ» አላት።

«ያኔ ነው ያወቅኩት።»

«አውቀሽም አልለቀቅሽም።»

«መልቀቅ አልቻልኩም፣ ሙንሱ። እወድሃለሁ።»

«ይህንንም ስምሽን ሳትጽፊ ለጫካው ላኪው» ብሎ ተነሳ። በሩን በቀስታ ዘጋው፤ ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

የእኛ አገር ተማሪ ጥንት የሚለው ነገር ሲኖረው በትልቅ ወረቀት በእጁ ይጽፍና ዋናው በር አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፣ ከግርጌውም ትምህርት ክፍሉንና ስሙን ያሰፍር ነበር። ዛሬ ዛሬ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ስልክ እያለ ማን በብሩሽ ይደክማል? በዚያ ሳምንት ግን ናሬ ለጠፈች። እኔም ሽርጤን ሳልፈታ ሄጄ አነበብኩት።

«የቀርከሃው ጫካ ጠባቂ እኔ ነኝ» ይላል። «በአንዲት ተማሪ ላይ የለጠፍኩት ውሸት ነበር። ስም በመሰረዝ ሰው የሚተርፍ መስሎኝ ነበር፤ አልተረፈችም። ጫካውን አልዘጋውም፤ እኔን አንድ ቀን ከሞት አትርፎኛልና። የሚጽፍ ሰው ስሙን ይደብቅ። የለጣፊዋ የእኔ ስም ግን ከዛሬ ጀምሮ በገጹ በር ላይ ይኖራል፤ የተጎዳ ሰው የሚያንኳኳው በር ይኑረው።» ከግርጌው፦ የነርስ ትምህርት ክፍል፣ ኦክ ናሬ።

የሶሪን ስም አልጻፈችም። ፎቁንም፣ ጋያጉሙንም።

ከዚያማ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በእስክሪብቶ፣ ባገኙት ነገር ይሞነጫጭሩባት ጀመር። «ገዳይ» አለ አንዱ። «ታይታ ወዳድ» አለ ሌላው። የሚጽፍ እንጂ የሚፈርም የለም። ሾርባ ቤቴ ውስጥ አንዱ ጎረምሳ «ከሷ ጋር አልቀመጥም» ሲል ሰማሁት።

«ቁመህ ብላ!» አልኩት። «ወንበሩ የእኔ ነው!»

ናሬ ግን ቀና አላለችም። እንቁላሏን ሳትነካ ትመልሰዋለች። ሙንሱ ወዲያ በሌላው በር እንደሚሄድ ሰማሁ።

ከዚያ የክረምቱ ዝናብ መጣ። ወረቀቱ አለቀለት ብዬ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። ለካ አንድ ሰው በጥርት ያለ ላስቲክ ሸፍኖ ዙሪያውን በጥንቃቄ አሽጎታል። ጠጋ ብዬ ሳይ ደግሞ፣ ላስቲኩ ሥር፣ ከያንዳንዱ ስድብ በታች በቀይ ቀለም አንድ ጥያቄ ተጽፏል፦ «ስምህስ?»

ሙንሱ ፕላስተሩን በእጁ እንደያዘ ከግድግዳው ጥግ ቆሟል፤ ጃርት ፀጉሩ በዝናብ ተኝቷል።

«አትንገሪያት፣ አክስቴ» አለኝ።

እኔ ወሬ አልወድም። ግን ነገርኳት። ምን ላድርግ!

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መጣ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ባዶው ወንበር የናሬ ፊት ለፊት ያለው ብቻ ነበር። አሁን ትከሻውን አልያዝኩትም። ቆመ፣ ቆመና ራሱ ተቀመጠ። ሁለት ሾርባ አቀረብኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ቀረ።

«ላስቲኩን ስላለበስክልኝ አመሰግናለሁ» አለች ናሬ።

«ሐሳቡ የእኔ አይደለም። የሶሪ ነው።»

ዞር አልኩ። ናሬ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ሳቅ አልነበረም።

«ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ሳነሳው ልትናደድ ትችላለች ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደውላ ‹እዚያ ዝናብ ይዘንባል ወይ?› አለችኝ። ይዘንባል ስላት ‹ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ሸፍነዋ!› ብላ ጮኸችብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ስትጮህ የሰማኋት።»

«ይቅር አለችኝ?»

«አላለችሽም። እኔም ገና ነኝ፤ አልዋሽሽም።» ማንኪያውን አነሳ። ከራሱ ሳህን ትኩስ ሾርባ እየጨለፈ የሷ እንቁላል ላይ ቀስ እያለ አፈሰሰ፣ እንዳስተማረችው። «ግን ቅዳሜ በአውቶቡስ ትመጣለች። ልታይሽ ትፈልጋለች።»

«ምን እላታለሁ፣ ሙንሱ?» አለች ናሬ። «መጀመሪያ ምን ልበላት?»

«ስምሽን» አላት።

ጽዋውን ገፋላት፤ እሷም በላች።