የደንበኛው ኮት

ሟቹ በስብሰባ ክፍሉ፣ ለደንበኛ በተመደበው ወንበር ላይ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ነበር። ልኩ ያልሆነ ሰፊ ግራጫ ኮት ለብሷል። የአማካሪ ድርጅቱ መሥራች ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይለው ነበር። ሐኪሙ የገደለው አስም እንደሆነ፣ የሞተውም ከምሳ በፊት እንደሆነ ተናግሮ ሄደ። እንግዳ ተቀባይዋ ግን አስከሬኑን ያገኘችው ከሰዓት በኋላ ነው።

መርማሪዋ ክፍሉን በዝግታ ዞረችው። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል። ታውቃለች፤ ስሙን አልጠላችውም። የጠላችው ሥራውን ነው። ስንቱን ገዳይ ለቅማ፣ አንድም ሟች ቀና ብሎ አያውቅም።

አስም ሲነሳበት የሚስበው መድኃኒት፣ ኢንሄለሩ፣ የተገኘው በጋሼ ቢሮ፣ ወንበሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ረስቶት ስብሰባ ገባ፣ አፈነው፣ ሞተ፤ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። መርማሪዋም ጉዳዩን ልትዘጋ ምንም አልቀራትም፤ የኮቱን አንገትጌ ገለጥ ባታደርግ። የልብስ ንጽሕና መስጫው ቁራጭ ወረቀት ገና በመርፌ ቁልፍ እንደተያያዘ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ወጣቷን አማካሪ ነበር። ልጅቷ ዕድሜዋን በሆቴልና በደንበኞች ፋብሪካ ጨርሳለች፤ እጮኛዋም መጠበቅ ሰልችቶት ሄዷል። ይህን ሁሉ የከፈለችው የድርጅቱ ሸሪክ ለመሆን ነው። ያለው ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን ጋሼ ከነገው ገለጻ በኋላ እወስናለሁ ብሏል። የጋሼ ምክትልም ቦታውን ይፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ የጋሼ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው።

ስለ ግራጫው ኮት ያስረዳቻትም ልጅቷ ናት። ከትልቅ ገለጻ በፊት ጋሼ ያንን ኮት ይለብስና በልምምዱ ላይ ደንበኛውን ሆኖ ይጫወታል። ያዛጋል፣ ይሳደባል፣ ስልክ ያወራል፣ ሲያሻው ይተኛል። ደንቡ አንድ ነው፤ ተናጋሪው አያቋርጥም። ያቋረጠ ወደቀ። ተናጋሪው ሲጨርስ አመስግኖ ይወጣል፣ ውጤቱን ከሰዓት በኋላ ይሰማል።

«ዛሬስ ምን አደረገ?» አለች መርማሪዋ።

«ጠዋት በሸሚዝ መጥቶ ግራጫውን ለበሰ። መሃል ላይ ኮቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ሲመለስ ተቆጥቶ ነበር፤ ኮቱን መልሶ ለበሰ። ከዚያ አሳለ፣ ኪሶቹን ዳበሰ፣ ጠረጴዛውን ደበደበ። በመጨረሻ ተኛ። እንዲህ አክርሮ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። እኔም አላቋረጥኩም።»

«ሲወጣ ማን ገባ?»

«ምክትሉ። ከመስክ ገና መግባቱ ነበር፣ አይዞሽ ሊለኝ ነው የመጣው። ፕሮጀክተሩን እያስተካከልኩ ስለነበር ዞሬም አላየሁት።»

 ልጅቷ ጋሼ የሞተው እሷ ከወጣች በኋላ ነው ብላ ይዛለች፤ ወይም እንደዚያ ብላ መያዝ ፈልጋለች። አስከሬኑ እስኪገኝም ጠረጴዛዋ ጋ ሆና ውጤቷን ስትጠብቅ ነበር።

ምክትሉን ሠራተኞች «በአጭሩ» ይሉታል፤ በዚህ ቃል ጀምሮ ማቆሚያ የለውም።

«በአጭሩ፣ የረሳው ራሱ ነው» አለ። «ጠዋት ስገባ ጥቁር ኮቱ ቢሮው ወንበር ላይ ተሰቅሎ በዓይኔ አይቻለሁ። መድኃኒቱን እዚያ ትቶ ግራጫውን ለበሰ።» ከዚያም ስለ ሰው ልጅ መዘንጋት ብዙ አወራ።

የሟች ሚስት ያለቀሰችው ጮኻ አይደለም። ባሏ ጠዋት ከቤት የወጣው በሸሚዝ እንደሆነ፣ ጥቁሩን ኮት ራሷ ለልብስ ንጽሕና መስጫ ሰጥታ ወደ ቢሮው እንዲያደርሱት ማዘዟን ተናገረች። እንግዳ ተቀባይዋ ደግሞ ኮቱ የመጣው ከምሳ በኋላ እንደሆነና ቢሮው ወንበር ላይ የሰቀለችው እሷው እንደሆነች አረጋገጠች። ሌላም ነገር ጨመረች፤ ጋሼ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ምክትሉ ኮሪደር ላይ ይዞት «ደንበኛው ሊከዳን ነው» ሲለው ሰምታለች። መርማሪዋ ለእውነተኛው ደንበኛ ደወለች። ሰውየው የነገውን ቀጠሮ በጉጉት እየጠበቀ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ ኢንሄለሩን አልረሳም» አለች። «ኪሶቹን የዳበሰው እዚያ ማስቀመጡን ስለሚያውቅ ነው። ግራጫውን ኮት ጥሎ ሲወጣ አንድ ሰው ኢንሄለሩን ወሰደበት። ጋሼ ሲቆጣ ደረቱ እንደሚዘጋ ስለሚያውቅም ኮሪደር ላይ አስቆጣው። በኋላ የረሳው ለማስመሰል ጥቁሩ ኮት ውስጥ ከተተው። ኮቱ ግን የመጣው ጋሼ ከሞተ በኋላ ነው። ባለቤቱ ይህን ታውቃለች። ልጅቷም ጠዋት በሸሚዝ አይታዋለች። ያላወቀው ከመስክ የመጣው ብቻ ነው፤ ያልነበረ ኮት ጠዋት አየሁ ያለኝም እሱ ነው።»

«ወንድሜ?» አለች የሟች ሚስት።

ምክትሉ ከንፈሩን ላሰ። «ይህች ልጅ ከመጣች ወዲህ እኔ ለጋሼ ዕቃ ሆኜ ነበር» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እህቱ ዞር ብላም አላየችው።

ልጅቷ ግን ጋሼ የሞተበት ወንበር ላይ አፍጥጣ ቀርታለች።

«ሲያስል… ጨዋታ አልነበረም?»

«አልነበረም» አለች መርማሪዋ።

«ባቋርጥ ኖሮስ?»

መርማሪዋ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የምትላት ውሸት ነበረቻት። የዚህች ልጅ እንጀራ ግን የሰው ፊት ማንበብ ነው፤ አንብባ ጨርሳለች።

«ታች ክሊኒክ አለ፤ ይደርስ ነበር» አለቻት።

 ከዚያ የሟች ሚስት ፊቷን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ ወደ ልጅቷ ዞረች። ልትጎዳት ብላ አልነበረም፤ ማወቅ ይገባታል ብላ ነው።

«ትናንት ማታ ነግሮኝ ነበር» አለቻት። «ሸሪክ አድርጌያታለሁ፣ ውሳኔው አልቋል አለኝ። የዛሬው ልምምድ ለወጉ ያህል ነበር።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማንም ተነሺ አላላትም።