ቅቤና ኮንጎ ጫማ

ውጭ የጭነት መኪናው ክላክስ ጮኸ። መሪማ ግን ማንኪያውን እንደ ጨበጠች ማድቤት ውስጥ ቆማለች።

«እማ፣ ይኼ ቅቤ ኮንጎ ጫማ ኮንጎ ጫማ ይላል።»

«ዝም በይ!» እናቷ ከሪማ ወደ በሩ ገልመጥ አለች። «ይሰማሻል።»

የሚሰማው አባቷ አብዱልመናን ነው። ስጦታ መስጠት የማይሆንለት ሾፌር፣ ባለፈው ሳምንት ከአሰብ ሲመለስ ለሚስቱ ባለክዳን ቢጫ የፕላስቲክ ዕቃ አመጣላት። «እንቺ፣ አይሰበርም» ብሎ ሰጥቷት ቶሎ ወጣ። ከሪማ ክዳኑን ስትከፍትና ስትዘጋ ዋለች። ትናንት ደግሞ ቅቤ አንጥራ እንደ ጋለ ገለበጠችበት። ለመሪማ ወንድም ለደሊል ነው። ደሊል ለመሠረተ ትምህርት ዘምቶ አቦምሳ አጠገብ ገበሬ ያስተምራል፤ ቅቤውን ዛሬ አባቱ ያደርስለታል።

«ቀምሰሽዋል እንዴ?» አለች መሪማ።

«ቀምሻለሁ። ታዲያ ምን ልበለው? ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ያመጣልኝን!»

መሪማ የሳይንስ መምህሯ ጋሽ ኃይለየሱስ ያሉት ትዝ አላት። እንደ ኮንጎ ጫማ ያለ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ነገር አለ፤ ቅባትና ሙቀት ሲያገኝ በዓይን ሳይታይ ወደ ምግቡ ይገባል። ያን ቀን የክፍል ጓደኛዋ ሰብስቤ «እንግዲህ ጫማችንን ቅቤ አንቀባም!» ብሎ ክፍሉን አስቆ ነበር።

ክላክሱ ደገመ። ዕቃውን ደብቃ «ሌባ ወሰደው» ለማለት ቃጣት። ደሊል እንደሆነ ከቤት የመጣ ነገር ከሆነ ጣዕሙን ሳይጠይቅ ጠርጎ የሚበላ ልጅ ነው።

የቤቱን ቅቤ ከነማሰሮው አወረደች። እሱንና ቢጫውን ዕቃ አቅፋ ወጣች።

«አባባ፣ ይቅመሱልኝ።»

አብዱልመናን ከጋቢናው ወርዶ ከማሰሮው ቀመሰ፤ ከቢጫውም ቀመሰ። ጥፋቱ የማንኪያው ይመስል ማንኪያውን አገላብጦ አየው።

«እናትሽ አውቃለች?»

ከሪማ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት።

«አንተ ያመጣኸው ነዋ።»

አብዱልመናን መሬት መሬቱን አየ። መሪማ «የማሰሮው ይሂድለት» አለች።

«ማሰሮ? በዚያ መንገድ? ይሰበራል እኮ።»

ከሪማ ቢጫውን ዕቃ ከልጇ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «ይኼ ይታጠብና ምስር አደርግበታለሁ። ምስር ደረቅ ነው።» ቀና ብላ ባሏን አየች። «ክዳኑ ደግሞ ግጥም ነው የሚለው።»

አብዱልመናን ፈገግ ማለት ጀመረ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም። መሪማ ሻርፗን ፈትታ ማሰሮውን ጠቀለለችው። ጋቢናው ላይ ወጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቀስ ብለው ይንዱ፣ አባባ።»