ፊሊሞን ጸልዮ እስኪጨርስ

ልጄ ፊሊሞን ሚካኤላን ያገኛት አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ፣ ለቅሶ ቤት ነው። ነሐሴ ነበር፣ የዚህ አገር የሙቀት ወር፤ የቤቱ ማቀዝቀዣ ኤሲ ተበላሽቶ ለቀስተኛው ከሟች ይልቅ ለራሱ ያለቅሳል። አንዲት ቀጭን ልጅ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች መጣችና፣

«ኤሲው ምን ያድርግ? ችግሩ ቤቱ ራሱ ነው» አለች። «መስኮቱ ሁሉ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ኦቨን ነው የሚሆነው።»

ልጄ ሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት፤ እሱ ግን እሷን እያየ ነበር፣ እሷም እሱን። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ እንዲህ ያለውን አተያይ ለማንበብ ግን ፊደል አያስፈልግም።

ልጅቷ እዚሁ አትላንታ አድጋ የቤት ዲዛይን የተማረች ናት። ፊሊሞን ደግሞ ነርስ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮንየርስ መሬት ገዝቷል፤ ቤት ሊሠራበት ያስብ ነበር። በሳምንቱ መሬቱን ልታይ መጣች።

«ቤቱ ረጅም ጎኑን ለደቡብ ይሰጣል» አለች፣ ስልኳን ይዛ ሰማዩን እያየች። «በሰመር ፀሐይዋ ከላይ ስለምትመጣ ታዛው ይከለክላታል። በዊንተር ዝቅ ስለምትል ትገባለች። ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ግድግዳው ውስጥ ሙቀትና ብርድ የማያሳልፍ ወፍራም ኢንሱሌሽን።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ ጠዋት የት መቀመጥ ትወጃለሽ?»

አንቺ አለችኝ። ቢሆንም በዚህ አገር የት መቀመጥ እንደምወድ የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«ፀሐይ ያለበት፣ ሰው የማይነዘንዘኝ ቦታ» አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ንድፉን ጠረጴዛችን ላይ ዘርግታ እርሳሷን አንዱ ክፍል ላይ አሳረፈች።

«ፊሊ፣ ይሄ ያንተ መኝታ ቤት ነው። ለአንድ ሰው ልሥራው ለሁለት?»

ልጄ የንድፉን ጫፍ ያጣጥፍ ጀመር። ጆሮው ቀላ። እሷም ቀና አላለችም።

«እየጸለይኩበት ነው» አላት።

ቸርቻችን ውስጥ ወንድ ልጅ እንዲህ ካለ ወዶሻል፣ ግን ጌታ እስኪናገረው ጠብቂ ማለት ነው። ሚካኤላም የቸርች ልጅ ናትና ገባት። ፊቷ በራ።

«እሺ» አለች። «ለሁለት አድርጌው ልጠብቅ።»

ጠበቀች። መሠረቱ ሲወጣ ጠበቀች። ጣሪያው ሲመታ፣ ሶላሩ ሲሰቀል ጠበቀች። ልጄ ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ምልክት ይለምናል።

«ምን ዓይነት ምልክት ነው የምትፈልገው?» አልኩት። «ልጅቷን አምጥቶ ፊትህ አቆማት። ደግሞ በስልክ ይደውልልህ?»

«እማዬ፣ ትዳር እኮ ነው። መሳሳት እፈራለሁ።»

«እንዲያ በል። ፈርቼ ነው በል እንጂ በጌታ አታሳብብ።»

ቤቱ ገብተን ሳንሰነብት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጀብ መጣ። የሰፈሩ መብራት ሁሉ ጠፋ፤ የኛ ቤት ብቻ ከሶላሩ ባትሪ እየሳበ ቦግ እንዳለ ቀረ። ሚካኤላ ሥራዋን ልታይ መጥታ ነበር፤ ደስ ሊላት ሲገባ አልሳቀችም።

«ሌላ ስቴት፣ ፊኒክስ ሥራ አግኝቻለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «እንድቀር የሚነግረኝ ሰው ካለ እቀራለሁ።»

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። እንዲናገር ብዬ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ፤ ጆሮዬን ግን እዚያው ነው የተውኩት።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አላት።

ጃኬቷን አንስታ በዝናቡ ወጣች።

ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ ልጄ ከጸሎት እየሮጠ መጣ። «እማዬ ተነሺ፤ ልቤ ሰላም አገኘ። እሷ ናት።» እሷ ግን አፓርታማዋን ለቃ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ በራሪ ናት። ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ጊዜ አልነበረም። እኔው ሽማግሌ ሆኜ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሻንጣዋን እየጎተተች ሎቢው ላይ አገኘናት።

«መልስ አገኘሁ፣ ሚኪ» አላት እያለከለከ። «አንቺ ነሽ።»

ሻንጣዋን አቁማ አየችው። እንባዋ ሞላ እንጂ አልፈሰሰም።

«እኔም እየጸለይኩ ነበር፣ ፊሊ። የኔ መልስ ቀድሞ መጣ።»

«ምን አለሽ?»

«ሂጂ አለኝ።» የሻንጣዋን እጀታ ጨበጥ አደረገች። «እወድሃለሁ እኮ። ግን ነገ ስታመም፣ ልጅ ስንወልድ፣ አንድ ነገር ባስፈለገኝ ቁጥር ጸልየህ እስክትጨርስ ልጠብቅ? አልችልም።»

ሽማግሌነቴን ትቼ ለሷ ፈረድኩ። እውነቷን ነበራ። ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀመጥን። ልጄ ሞተሩን አላስነሳም። ከአናታችን በላይ አውሮፕላኖች ተራ በተራ ይነሳሉ።

«እማዬ፣ የሷ የቱ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። «ንዳ።»

አልነዳም። እኔም ሁለተኛ አላልኩትም።