ጣቶቼን የዳሰሰው ጉድጓድ

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያምነኝ ብዬ አይደለም። ሆኗል። እዚያው ነበርኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ። ከብራጋንሳ ከተማ በታች ባለችው መንደራችን ፊት ለፊት ባሕሩ ሸሽቶ ማንግሮቭ የምንለው የባሕር ዳር ዛፍ የሚበቅልበት ጭቃ ተገልጧል።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ጁራንዲር ሸርጣን ልንይዝ ወርደናል።

እኛ ዘንድ ሸርጣን የሚለየው ከመታየቱ በፊት ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው ዱካ ይናገራል። እግረ ጸጉራሙ የጭቃ ሸርጣን ጥልቅና ሹል ዱካ ይተዋል። ሰማያዊው ከፍ ያለ ደረቅ መሬት እንጂ ጭቃ አይቆፍርም። ትንሹ ቀይ ሸርጣን ደግሞ ዛፍ ላይ ነው የሚውለው።

ከዚያ እጅን እስከ ትከሻ ሰድዶ ሆዱን መዳሰስ ነው። የሆዱ ክዳን ሰፊ ከሆነ ሴት ናት፤ እንለቃታለን። ጠባብና ሹል ከሆነ ወንድ ነው፤ እናወጣዋለን።

ያን ቀን መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀዮቹን ነው።

ዛፍ ላይ አንድም የለም። ሁሉም ወርደው ጭቃው ላይ ቆመዋል።

"ጁራ... ሰማያዊዎቹንም እያቸው።"

ደረቁን መሬት ትተው መጥተዋል። ከጸጉራሞቹ ጋር ተደባልቀው፣ ሁሉም ወደ አንድ ጉድጓድ ዞረዋል። በመሀላቸው ስናልፍ አልሸሹም።

"ስብሰባ ላይ ናቸው" አለ እየሳቀ። "ሊቀመንበሩ ውስጥ ነው።"

ጉድጓዱ የድስት አፍ ያክላል። ዙሪያው ላይ ዱካ የለም።

ምንም።

"ሰማያዊ ነው። ትልቅ" አለ።

"ሰማያዊ እዚህ አይቆፍርም። ደግሞስ ዱካው የታለ?"

"ፈራሽ እንዴ ሲልዳ? በእጄ ዳስሼ የማላውቀው የለም ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?"

እልህ ያዘኝ። ጭቃው ላይ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ።

ውስጡ ይሞቃል። የማንግሮቭ ጭቃ ደግሞ ሁሌም ቀዝቃዛ ነው።

"ምንድን ነው?"

"ጸጉር የለውም... ጥፍርም የለውም። ለስላሳ ነው።"

ያኔ አንጓዬን ያዘኝ። አላጠበቀም። ያዝ አደረገኝ ብቻ።

"ሲልዳ?"

"ዝም በል... እየዳሰሰኝ ነው።"

ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካ። ክንዴን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ደረቴ ጋ ደረሰ። እዚያ ትንሽ ቆየ...

ለቀቀኝ።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ጭቃውን ከደረቴ ላይ ጠረግኩ። ያኔውኑ እንዴት እንዳልገባኝ፣ ይኸው ሰባት ዓመት ራሴን እጠይቃለሁ።

"አመለጠሽ አይደል?" አለና በተራው ተኛ።

"ተው ጁራ፣ እንሂድ። ባሕሩ እየተመለሰ ነው።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እህት ዓለም።"

እጁ እስከ ትከሻው ገባ። ጉንጩን ጭቃው ላይ አሳርፎ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። ፈገግ ብሏል።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ደረቴን ነካኝ" አለ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ገባኝ።

ሴቷን እንለቃታለን። ወንዱን...

"እጅህን አውጣ። ጁራ፣ አውጣ።"

"አይለቅም።"

እግሮቹን ይዤ ጎተትኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን፣ ከዚያ ጉልበቴን ሸፈነ። አንገቱን ቀና አድርጎ ይተነፍሳል። ሸርጣኖቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ውኃው እላያቸው ላይ አለፈ።

"አትጎትቺ" አለኝ። "በጎተትሽ ቁጥር ያጠብቃል።"

የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው።

ውኃው አፉን ሸፈነ። እኔ ግን አልለቀቅኩም። እግሮቹ ናቸው ከእጄ ያመለጡት... ወደ ታች።

በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ የመንደሩ ወንዶች አካፋ ይዘው መጡ። ቦታውን አሳየኋቸው። ቆፈሩ። ክንድ ያህል እንኳ ሳይወርዱ የተጠላለፈ ጠንካራ ሥር አገኙ። ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም።

"ሞገድ ወስዶታል፣ እህቴ" አሉኝ።

አስከሬን ሳይኖር አለቀስን።

እነሱ ሲመለሱ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከተቆፈረው ቦታ አለፍ ብሎ፣ ማንም ያልረገጠው ጭቃ ላይ ዱካ አየሁ።

አምስት ክብ ነጥቦች። ጎናቸው ሌላ አምስት። የጣት ጫፎች ናቸው። መዳፍ የለም፤ ተረከዝም የለም።

ከውኃው ወጥቶ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየሄደ ወደ መንደራችን ያመራል።

በሕይወቴ ዱካ አይቼ የማን እንደሆነ ያላወቅኩበት ቀን የለም።

ይህንንም አወቅሁት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄን ይዘው ጭቃ ያወረዱኝ ጣቶች ናቸው።