በሩን ያዩ ሕዋሳት

ተመራማሪው ቃለ አብ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የደባርቅ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ የከሰል ጢስ የገደለው ሰውም እሱ የመጀመሪያው አልነበረም። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ጣት ሁሉ የተቀሰረው ጥሬ ከሰል አስገብቷል በተባለው ጥበቃ፣ በዘመነ ላይ ሆነ።

የኢንስፔክተር ሳጂዳ ልብ ግን አልረጋም። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል፤ እግሮቹ ገጥመዋል፤ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ። በሩ ላይ ከውስጥ በኩል አዲስ የጥፍር ጭረት አለ።

«ነክተኸዋል?» አለችው ዘመነን።

«ኧረ በማርያም! በሩን ገንጥዬ ስገባ እንዲሁ ነበር። ከሰሉንም ፍም አድርጌ ነው ያስገባሁት። የአራት ልጆች አባት ነኝ የኔ እመቤት፤ ብታሰር ማን ያበላቸዋል?»

ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፑ አሁንም ይሠራል። በአንዲት ጠብታ ውኃ ውስጥ አረንጓዴ ሕዋሳት ይዋኛሉ፤ ካሜራውም ይቀርጻቸዋል። ሠሪው ሞቶ ሥራው መቀጠሉ ሳጂዳን ሰቀጠጣት።

«ከሊማሊሞ ምንጭ የቀዳናቸው ናቸው» አላት አነስ፣ የሟቹ ባልደረባ። «እያንዳንዷ ሕዋስ ለብርሃን፣ ለሙቀት፣ ለመድኃኒት የምትሰጠውን ምላሽ እናጠናለን። ዓይን የላቸውም፤ ከካሜራው ቀይ ብርሃን በቀር ግን ብርሃን ወደመጣበት ይሄዳሉ። መስኮቱን የደፈንነው ለዚያ ነው።»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ቃለ አብ፣ እኔና ሌላው ባልደረባችን ያርጋል። እነሱ ትናንት ተጣልተው ነበር። ያርጋል ለመድኃኒት ምላሽ ሰጡ ብሎ የጻፈላቸው ሕዋሳት፣ ቃለ አብ ሲሞክራቸው ንቅንቅ አላሉም። ቃለ አብም ‹አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አለው።»

ያርጋል ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። «አበልጄ ነው እኮ! ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ! ዛሬ ዘመነ በሩን እስኪገነጥል ድረስ ወደዚህ አልመጣሁም።»

ሳጂዳ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘመነ በካቴና ነው።

«ካሜራው የቀረጸውን ተመልከቱ፤ ሕዋሳቱን። በጨለማው ተበታትነው ነበር። ከነጋ በኋላ ሁሉም በአንዴ ወደ በሩ ጎረፉ፤ ጥቂት ቆይተው ተበተኑ። ዘመነ ሲገባ ደግሞ እንደገና ጎረፉ። ከዘመነ በፊት አንድ ሰው ከፍቶ ገብቷል፤ ቆልፎም ወጥቷል። ዘመነ ቁልፍ ቢኖረው በር ለምን ይሰብራል?»

«ካሜራው እኮ ክፍሉን አያይም» አለ ያርጋል።

«የተማመንከውም በዚያ ነው።»

አነስ አመዱ ቡን አለ። «እኔም ቁልፍ አለኝ...»

«አለህ። ሬሳውን ያቀናው ሰው ግን እንደ ክርስቲያን ወግ ወደ ምሥራቅ ነው ያቀናው። እኔና አንተ ሙስሊሞቹ በድንጋጤ ብናቀናው እጃችን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ባዞረው ነበር።» ወደ ያርጋል ዞረች። «ደግሞስ ቁልፍ በኪሱ የያዘ ሰው በር ይቧጭራል? እንቅልፍ ሲጥለው ቁልፉን ወሰድክ፤ ጥሬ ከሰል ጨመርክ፤ ቆለፍክበት። ጠዋት ቁልፉን ልትመልስ ስትገባ በሩ ሥር ወድቆ አገኘኸው። ጢስ ብቻ የገደለው እንዲመስል ወደ ማንደጃው ወሰድከው፤ አበልጅህን ዓይኑን ሳትከድን፣ ሳታቀናው ትተኸው መሄድ ግን አልሆነልህም።»

ያርጋል ወደ በሩ ሥር አየ። «ዓይኑ... ዓይኑ ወደ እኔ ነበር።»

የዘመነ ካቴና ተፈታ። ጋሼና አንቱ ሲለው ወደኖረው ወደ ያርጋል ጠጋ አለ።

«ለሞተው አዘንክለት። እኔን ግን ከነነፍሴ ፊትህ ሲያስሩኝ አይተህ ዝም አልክ፤ አይደለም?»